ከፎርሙላው በፊት ስዕሉ፦ የኬሚስትሪን መሠረት ሳስተምር የሠራልኝ መንገድ

ለዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መሠረታዊ ምዕራፎችን አስተምሬያለሁ፤ ቅንጣት፣ አቶም፣ ቦንድ (የአቶሞች ትስስር)፣ ኢኩዌሽን (ለውጡ በምልክት ሲጻፍ)፣ ሞል (የቅንጣቶች መቁጠሪያ)። ይህን የምጽፈው በተለይ ማስተማር ለጀመራችሁ መምህራን ነው፤ ልጁን ማታ ማታ ለሚያስጠና ወላጅም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ተማሪ ፎርሙላና ኢኩዌሽን ከመጻፉ በፊት ቅንጣቶቹን በራሱ እጅ መሳል አለበት። በቃሉ ያጠናውን ሁሉ አስተካክሎ እየመለሰ፣ ቁስ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ግን ፍጹም የተዛባ ምስል ይዞ የሚያልፍ ተማሪ እጅግ ብዙ ነው። ያ ምስል የሚገለጥልን ሲስለው ነው እንጂ ትርጉም ሲጽፍ አይደለም።

በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት አሰጣጥን ያጠኑት አሌክስ ጆንስተን ችግሩን በሚገባ አስቀምጠውታል። ኬሚስትሪ ሦስት ደረጃ አለው፦ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ፣ በዓይን የማይታይ የአቶምና የሞለኪውል ዓለም፣ እንዲሁም ሁለቱን የምንጽፍበት ምልክት። እኛ መምህራን «ማግኒዥየም ሲቃጠል» ብለን ከሚታየው እንጀምራለን፣ «ሁለት ኤሌክትሮን ይለቅና» ብለን ወደማይታየው እንወርዳለን፣ ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ሰሌዳ ላይ «ኤም ጂ ኦ» እንጽፋለን። ለእኛ ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው። ለጀማሪ ግን ሦስት የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ ወረደበት ማለት ነው። የቱ የቱን እንደሚገልጽ መለየት ስለሚያቅተው በቃል ሊያዝ የሚችለውን ብቻ፣ ማለትም ምልክቱን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሰሌዳዬን በሦስት አምድ እከፍለዋለሁ፦ «ያየነው»፣ «ቅንጣቶቹ»፣ «አጻጻፉ»። ምንም ባስተምር ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምሄደው፤ የመካከለኛው አምድ ባዶ እንደሆነ ወደ ሦስተኛው አላልፍም።

በቤከር (በላቦራቶሪ ብርጭቆ) ውሃ አፍልቼ፣ ትልልቅ አረፋ ከሥር እየተነሣ ሲመጣ «አረፋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ክፍሉን ለሁለትና ለሦስት ይከፍለዋል። አንዱ «አየር» ይላል። ሌላው «ኦክስጅን» ይላል። ጎበዝ የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን፤ ውሃ የተሠራው ከእነሱ ስለሆነ» ይላል። ይህ የመጨረሻው መልስ ትኩረት ይገባዋል፤ ልጁ ፎርሙላውን በትክክል ያውቃል፣ የተሳሳተውም በዚያው ባወቀው ፎርሙላ ላይ ተመርኩዞ ነው።

መልሱን አልነግራቸውም። በወረቀት ላይ ሁለት ትልልቅ ክብ እንዲስሉ አደርጋለሁ፤ አንዱ ፈሳሹን ውሃ፣ ሌላው የአረፋውን ውስጥ እጅግ አጉልቶ የሚያሳይ። በሁለቱም ውስጥ ቅንጣቶቹን ይስላሉ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናይ ሁሉም ነገር ይወጣል። አረፋውን ባዶ አድርጎ የተወ አለ፤ ሞለኪውሎቹን በታትኖ ነጠላ አቶም ያደረገ አለ፤ ሞለኪውሎቹ በሙቀት ያበጡ ይመስል አግዝፎ የሳለም አለ። ከዚያ ከእንፋሎቱ በላይ ቀዝቃዛ መስታወት በቆንጠጫ እይዛለሁ። ወዲያው ጠብታ ይይዛል። «ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ቢሆን ኖሮ መስታወቱ ላይ ውሃ የሚሆነው እንዴት ነው? ሁለቱ ጋዞች ተቀላቅለው እሳት አጠገብ ቢወጡስ ምን ይፈጠር ነበር?» እላለሁ። ሃይድሮጅን ሲለኮስ የሚያሰማውን ድምፅ ቀደም ብለው የሰሙ ከሆነ ክፍሉ ራሱ መልሱ ላይ ይደርሳል፦ አረፋው ውሃ ነው፤ ሞለኪውሎቹ እንዳሉ ሆነው ተራራቁ እንጂ አልተሰበሩም።

ስዕላቸውን ሲያርሙ እንዲሰርዙ አልፈቅድም። በሌላ ቀለም ከጎኑ ይሳሉ። የበፊቱ ስዕል በቦታው ከቆየ ልጁ ምኑን እንደቀየረ ያውቃል፤ እኔም ከየት እንደተነሣ አያለሁ። አንድ ንቁ ተማሪ «ውሃው ሳይፈላ በፊት ከቤከሩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ አረፋዎችስ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እነዚያ በእርግጥም አየር ናቸው፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ፣ ውሃው ሲሞቅ መሟሟቱ የቀነሰ አየር። «አየር» ያለውን ተማሪ በዚያ ሰዓት ማመስገን ተገቢ ነው።

ስዕል ሲባል ግን እንዲያው ክብ መደርደር አይደለም፤ ሕግ አለው። ቅንጣት ከለውጥ በፊትም በኋላም መጠኑ አንድ ነው። ቁጥሩ ይቆጠራል። በቅንጣቶቹ መካከል ምን እንዳለ ሲጠየቁ ብዙዎቹ «አየር» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ «አየሩስ ከምን ተሠራ?» በሉ። ሌላው፣ ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ የፈሳሽን ቅንጣቶች ከልክ በላይ አራርቆ ይስላቸዋል፤ በጠጣርና በጋዝ መሃል ስለሆነ ርቀቱም እኩሌታ ይመስላል። ይህ ልክ አይደለም። በፈሳሽ ውስጥ ቅንጣቶቹ በጠጣር ውስጥ ያሉትን ያህል ይቀራረባሉ፣ ይነካካሉ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ቦታ መለዋወጣቸው ነው። ቁጥር ስጧቸው፦ 18 ሚሊ ሊትር ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 30 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ 1,700 እጥፍ ገደማ። ይህን ቁጥር የሰማ ተማሪ የጋዙን ስዕል በዚያው ወረቀት ላይ ማሳየት እንደሚከብድ ራሱ ይረዳል።

ለዚህ ምዕራፍ የምወደው ሙከራ 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ኤታኖልን ማደባለቅ ነው። በመለኪያ ሲሊንደር ሲለካ 100 አይሞላም፤ ወደ 97 ይጠጋል። ክፍሉ «ተንኖ ነው»፣ «ፈስሶ ነው» ይላል። ሚዛን ላይ አስቀድማችሁ ለየብቻ መዝኑ፤ ከተደባለቁም በኋላ መዝኑ። ክብደቱ አልጎደለም። ታዲያ ምን ጎደለ? ቁስ አንድ ወጥ ነገር ነው ብሎ ለሚያስብ ልጅ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ቅንጣትና በመካከሉ ክፍት ቦታ አለ ካለ ግን ሁለቱ ዓይነት ሞለኪውሎች ሲቀላቀሉ ይበልጥ ተጠጋግተው እንደተቀመጡ መሳል ይችላል። (ኤታኖል ተቀጣጣይ ስለሆነ በዚያ ሰዓት በክፍሉ ውስጥ እሳት አይኑር።)

ክብደት ከተነሣ አይቀር፣ ቁስ አይጠፋም የሚለውን ሕግ በቃል ከማስጠናት ይልቅ በተዘጋ ጠርሙስ ማሳየት ይሻላል። ግማሽ ግራም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ጠንካራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ኮምጣጤ አደርጋለሁ፤ ወረቀቱን ጨምሬ ክዳኑን ወዲያው አጠብቃለሁ፤ እመዝናለሁ። ሪአክሽኑ ካለቀ በኋላ እንደገና እመዝናለሁ፤ ያው ነው። ክዳኑን ስከፍተው «ፍስስ» ይላል፣ የሚዛኑ ንባብም ይወርዳል። መጠኑን ግን አትጨምሩ፤ ግማሽ ግራም የሚሰጠው ጋዝ 140 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ ጠርሙሱ ይችለዋል፤ ብዙ ከሆነ ይፈነዳል። ብዙ መምህር በጠርሙስ አፍ ላይ ፊኛ አድርጎ ይሠራዋል። እኔ አልመክርም። ፊኛው ሲነፋ በዙሪያው ያለውን አየር ገፍቶ ቦታ ስለሚይዝ አየሩ ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ በአንድ ሊትር መነፋት 1.2 ግራም ያህል የቀነሰ ይመስላል። ክብደት አይጠፋም ብላችሁ እያስተማራችሁ ሚዛኑ ጠፋ ይላል፤ ማብራሪያው ደግሞ ገና ላልበሰለ ክፍል ይከብዳል።

አሁን ወደ ኢኩዌሽን። ተማሪ ባላንስ ማድረግ (የግራና የቀኙን አቶሞች ቁጥር ማስተካከል) ሲያቅተው ችግሩ ሒሳብ ይመስለናል። አይደለም። በፎርሙላው ፊት የሚጻፈው ቁጥርና ከሥሩ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር ምን እንደሚወክሉ በስዕል አልተለዩለትም። ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው የጠርሙስ ክዳኖች ሰብስቡ፤ ነጩ ሃይድሮጅን፣ ቀዩ ኦክስጅን ይሁን። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ እፍኝ ይበቃል።

አንዲት ተማሪ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ውሃ ስትሠራ ግራና ቀኙ እንዲተካከልላት በወረቀቷ ላይ ከ«ኤች ቱ ኦ» ሥር አንድ ቁጥር ጨምራ «ኤች ቱ ኦ ቱ» አደረገችው። «በክዳን ሥሪልኝ» አልኳት። ሁለት ነጭ ተጣብቆ፣ ሁለት ቀይ ተጣብቆ አስቀመጠች፤ አለያየቻቸውና አራቱንም አንድ ላይ ገጠመቻቸው። «ይኸው ደረሰ፣ መምህር፤ አራት ገባ፣ አራት ወጣ» አለች። በቁጥር ልክ ነች። «ይሄ የሠራሽው ውሃ ነው?» ብዬ ቀደም ሲል የሠራችውን የውሃ ሞለኪውል ከጎኑ አደረግኩላት። ትንሽ አየችውና «አይደለም፤ አንድ ኦክስጅን በዝቶበታል» አለች። ትርፉን ቀይ ክዳን አነሣች፣ የት እንደምታደርገው ቸገራት፤ ቀና ብላ «ሌላ ሃይድሮጅን ይስጡኝ» አለችኝ። ያ ጥያቄዋ በሃይድሮጅን ፊት የሚጻፈው 2 ነው። እኔ ያደረግሁት ጥያቄዋን በምልክት መጻፍ ብቻ ነበር፦ ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ውሃ። መጀመሪያ የሠራችው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚባልና ከውሃ ፍጹም የተለየ ነገር እንደሆነ የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሥር ያለችው ትንሽ ቁጥር ስትቀየር ነገሩ ራሱ እንደሚቀየር ማንም አልረሳም።

ባላንስ ማድረግ የቻለ ተማሪ ሁሉ ገባው አትበሉ። «3 ኤች ቱ» ብላችሁ ጻፉና ሳሉልኝ በሏቸው። ስድስት ሃይድሮጅን በአንድ ሰንሰለት አያይዞ የሚስል ተማሪ ታገኛላችሁ፤ ይኸው ተማሪ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ የሚሠራበትን ኢኩዌሽን ያለ ስህተት ባላንስ ሊያደርግ ይችላል። እንግዲህ አንድ ሣጥን ሳሉና ሁለት የናይትሮጅን ሞለኪውልና ሦስት የሃይድሮጅን ሞለኪውል አስገቡበት፤ «ሪአክሽኑ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ የሚኖረውን ሳሉ» በሉ። ሁለት አሞኒያና አንድ ያልተነካ ናይትሮጅን መሆን አለበት። ቀድሞ የሚያልቀው ሪአክታንት (ወደ ሪአክሽኑ የሚገባው ነገር) የሚለው ርዕስ ከሞል ስሌት ጋር ሲመጣ ተማሪን የሚያስጨንቀው በዚህ ሣጥን ስላልተጀመረ ነው። ሣጥኑን ከብዙ ጊዜ በፊት የሳለ ልጅ በኋላ ቁጥሩ ግራም ሲሆን አይደናገጥም።

ሞል ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡ። ከምዕራፎቹ ሁሉ ተማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ብዙዎቻችን «ሞል እንደ ደርዘን ነው» እንላለን፤ መነሻ ይሆናል፣ ግን ደርዘን ይቆጠራል፣ ሞል ግን አይቆጠርም፤ ይመዘናል። መለማመድ ያለበትም ይኸው በመመዘን የመቁጠር ሐሳብ ነው። እኔ ለየቡድኑ ውስጡ የማይታይ፣ በአንድ ዓይነት ምስማር የተሞላ ከረጢት እሰጣለሁ፤ የባዶ ከረጢቱንና የአንዱን ምስማር ክብደት እነግራቸዋለሁ፤ ሳይከፍቱ ስንት ምስማር እንዳለ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። ቀጥሎ ሌላ ከረጢት፣ ትልልቅ ብሎን የሞላበት፣ ክብደቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል። «እኩል ስለሚመዝኑ እኩል ቁጥር አላቸው?» በዚህ ጥያቄ ላይ የሚነሣው ክርክር የምዕራፉ ግማሽ ነው።

ከዚያ ማሰሮዎቹን አቀርባለሁ። 18 ግራም ውሃ፣ 58.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 56 ግራም የብረት ብናኝ፣ 27 ግራም አሉሚኒየም፣ 342 ግራም ስኳር፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሞል። ጎን ለጎን ሲታዩ ውሃው ከማሰሮው ሥር ብቻ ነው፤ ስኳሩ ሞልቶ ይተርፋል። «ስኳሩ ለምን በዛ?» የሚል ድምፅ የማይሰማበት ክፍል የለም። መልሱን ከፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ራሳቸው ያስሉ፤ 12 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ 11 ኦክስጅን በአንድ ሞለኪውል። ቁጥሩ እኩል፣ የአንዱ ክብደት ግን የተለያየ መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ። ጨውን በተመለከተ አንድ ነገር ጨምሩ፦ በጨው ውስጥ ሞለኪውል የለም፤ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) በየተራ ተደርድረው ነው ያሉት፤ አንድ ሞል ስንል የምንቆጥረው ጥንዱን ነው።

ቁጥሩን ራሱን ስታስተዋውቁ የሰው አእምሮ እንደማይጨብጠው አትደብቁ። ከግንቦት 2019 እኤአ ጀምሮ አንድ ሞል በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት እንዲሆን ተደንግጓል። በምድር ላይ ያለው 8 ቢሊዮን ሕዝብ ሁሉ ሳይተኛ በየሰከንዱ አንድ አንድ ቢቆጥር 2.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ስሌት አትንገሯቸው፤ ይሥሩት። በማሰሮው ሥር ያለችው ትንሽ ውሃ የያዘችው ይህን ያህል መሆኑን ያሰሉ ቀን ስለ አቶም ትንሽነት ያላቸው ስሜት ይለወጣል።

ስሌቱን በተመለከተ፣ ፊደላት በሦስት ማዕዘን ውስጥ ጽፎ አንዱን በጣት የመሸፈን ዘዴ በጣም የተለመደ ነው። እኔ አላስተምረውም። ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ተማሪውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። በሦስት እርምጃ እንዲያስቡ አደርጋለሁ፦ ከግራም ወደ ሞል፣ በኢኩዌሽኑ ጥምርታ ከሞል ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ግራም። 0.24 ግራም ማግኒዥየም 0.01 ሞል ነው፤ 0.01 ሞል ማግኒዥየም ኦክሳይድ ይሰጣል፤ እሱም 0.40 ግራም ነው። ትንበያውን ከጻፉ በኋላ ማግኒዥየሙን ክዳን ባለው ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ትንሽ ዕቃ) ውስጥ አቃጥሉት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ0.40 ያነሰ ነው። ነጩ ጭስ ይዞት የሄደ ኦክሳይድ አለ፤ ያልነደደ ማግኒዥየም ሊኖር ይችላል፤ ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር የተዋሐደም አለ። ተማሪዎቹ «ሙከራው ተበላሸ» እንዳይሉ፣ ጉድለቱን ራሱን ጥያቄ አድርጉት፤ የጎደለው የት ሄደ? ነበልባሉን በቀጥታ እንዳያዩ አደራ፣ ዓይን ይጎዳል።

ቦንድ ላይ ደግሞ ከልቤ የምከራከርበት ነገር አለኝ። «ሶዲየም ኤሌክትሮኑን መስጠት ይፈልጋል፣ ክሎሪን መቀበል ይፈልጋል፣ ሁለቱም ስምንት ኤሌክትሮን ሞልተው ደስ ይላቸዋል» የሚል ማብራሪያ በየክፍሉ ይነገራል። ለማስታወስ ይቀላል፤ ነገር ግን ምክንያት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ከሶዲየም አቶም ኤሌክትሮን ለማላቀቅ በሞል 496 ኪሎ ጁል ማውጣት ያስፈልጋል። ክሎሪን ሲቀበል የሚመልሰው 349 ብቻ ነው። ቅብብሉ ብቻውን ኪሣራ ነው ማለት ነው፤ 147 ኪሎ ጁል ይጎድለዋል። ሒሳቡን የሚዘጋው አዮኖቹ በየአቅጣጫው ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚወጣው ኃይል ነው፤ በሞል 787 ኪሎ ጁል ያህል። ቁጥሮቹን በሙሉ ለጀማሪ ክፍል ማቅረብ ላያስፈልግ ይችላል። ግን «ይፈልጋል» በምትሉበት ቦታ ሁሉ «የተቃራኒ ቻርጆች መሳሳብ» የሚለውን ተኩ። ከመሳሳብ የተነሣ ልጅ ጨው ለምን በከፍተኛ ሙቀት እንደሚቀልጥ፣ ለምን በመዶሻ ሲመታ እንደሚሰባበር፣ ሲሟሟ ለምን ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ከዚያው ሐሳብ ይደርስበታል። «ደስ ይላቸዋል» ካላችሁት ግን ከዚያ የትም አይደርስም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ሥር የሰደደ ችግር አለ፦ ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል ብሎ ማመን። ልጆቹ ይህን የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከባዮሎጂ ክፍል ነው፤ «ኃይል በቦንድ ውስጥ ተከማችቷል፣ ሲሰበር ይለቀቃል» ተብለው ስለሚማሩ። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ለመስበር ኃይል ይከፈላል፣ ሲሠራ ነው የሚገኘው። ሃይድሮጅንና ክሎሪን ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ሁለቱን ቦንድ ለመስበር 436 እና 242 ኪሎ ጁል ይከፈላል፣ በድምሩ 678፤ ሁለት የሃይድሮጅን ክሎራይድ ቦንድ ሲሠራ እያንዳንዱ 431፣ በድምሩ 862 ይገኛል። ልዩነቱ 184 ኪሎ ጁል ወደ ውጭ ይወጣል። በክዳን ሲሠሩት ሁለቱን ጥንድ በእጃቸው እየጎተቱ ማላቀቅ አለባቸው፤ የሚለጠፍ ማግኔት ካገኛችሁ እጃቸው ራሱ ይነግራቸዋል። ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ ዓይነት አነጋገር ላይ ተስማሙ። አንድ ሻይ የሚፈጅ ንግግር ነው፤ ለተማሪው ግን ሁለት የሚጣረሱ ትምህርቶችን አንድ ያደርግለታል።

ፔሪዮዲክ ቴብልን በተመለከተ ባጭሩ። ለየቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ኤለመንቶች ክብደትና ጠባይ የያዙ ካርዶች ስጡና ያለ ምንም መመሪያ እንዲደረድሯቸው አድርጉ፤ ግን አንድ ሁለት ካርድ ደብቁ። በ1869 እኤአ ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ 63 ኤለመንት ብቻ በሚታወቅበት ጊዜ ያደረገው ይህንን ነው፤ ክፍት ቦታ ትቶ፣ በ1871 ደግሞ ከአሉሚኒየም ሥር ላለው የአቶም ክብደቱን 68፣ እፍጋቱን 5.9 ብሎ ተነበየ። በ1875 ጋሊየም ሲገኝ ያገኘው ሳይንቲስት እፍጋቱን 4.7 ለካ፤ ሜንዴሌቭ እንደገና እንዲለካው ጻፈለት፤ ንጥረ ነገሩ ጠርቶ ሲለካ 5.9 ሆነ። ኤለመንቱን በዓይኑ ያላየ ሰው በእጁ ይዞ የለካውን ሰው አረመው። ይህን ታሪክ ከነገራችኋቸው በኋላ የተደበቀውን ካርድ ጠባይ እንዲተነብዩ አድርጉ።

ስለ ጥንቃቄ፦ ማንኛውንም ሙከራ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ብቻችሁን ሥሩት። የዓይን መከላከያ ለእናንተም ነው። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። የነበልባል ቀለም ለማሳየት ሜታኖልን ክፍት በሆነ ዕቃ ማንደድ በተለያዩ ቦታዎች ተማሪዎችን ክፉኛ አቃጥሏል፤ ቀለሙን የሚሰጠው ጨው በሟሟበት ውሃ የተነከረ እንጨት በበርነር ላይ ማሳየት ያንኑ ቀለም ይሰጣል።

«ይህን ሁሉ ለመሳል ጊዜ ከየት ይመጣል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ጊዜውን የማገኘው ትርጉም ማጻፍን በመተው ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ትርጉም ሰሌዳ ላይ ደግሞ ማስገልበጥ ከክፍለ ጊዜው ብዙ ይበላል። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ከሆነ ለሦስት አንድ ወረቀት ይበቃል፤ እንዲያውም ሦስቱ በአንድ ስዕል ላይ መስማማት ስላለባቸው ክርክሩ ይጠቅማቸዋል። ከክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ትንሽ ስዕል ይሰጡኛል። በእያንዳንዱ ላይ ማርክ አልጽፍም፤ በተሳሳቱበት ዓይነት ለይቼ እደርባቸዋለሁ፣ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜም ከወፈረው ክምር እጀምራለሁ።

በፈተናም ቢሆን ስዕል መኖር አለበት፤ ያልተፈተነ ነገር ተማሪ ዘንድ ክብር አያገኝም። ለምሳሌ እንዲህ እጠይቃለሁ፦ «በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አራት የሃይድሮጅን ሞለኪውልና አራት የኦክስጅን ሞለኪውል አሉ። ውሃ የሚሠራው ሪአክሽን ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ዕቃው ውስጥ የሚገኘውን ሳል፤ ኢኩዌሽኑን ከሥሩ ጻፍ።» አራት ውሃና ሁለት የተረፈ ኦክስጅን ነው መልሱ። ሳርም የስዕሉን ውበት አላይም። አቶሞቹ ተቆጥረው ከመነሻው ጋር ይስማማሉ ወይ? የተረፈው ኦክስጅን በጥንድ ተስሏል ወይስ ተበታትኗል? በኢኩዌሽኑ ላይ 2፣ 1 እና 2 ጽፎ በስዕሉ ላይ አራት፣ አራትና አራት ውሃ ያየ ተማሪ ልዩነቱን በአንድ መስመር ማስረዳት ይችላል ወይ? ለዚህች ለመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም የበለጠ ማርክ እሰጣለሁ።